ጠጥቶ መኪና ስለ መንዳት በአሜሪካ ግዛቶች የወጣው ሕግ

በአሜሪካ ኅብረት ስለ መጠጥ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ከ1933 ዓመት (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) ጀምሮ በይበልጥ የየግዛቱ ነው። ስለዚህ በአንዱ ግዛት የተከለከለው ነገር በጎረቤቱ ተፈቅዶ ይገኝ ነበር፤ ወጣቶችም ለመጠጥ ድንበር ተሻግረው ሰክረው ሲመለሱ በመንገድ ላይ ሕይወት ይጠፋ ነበር።

ማዕከላዊው መንግሥት በ1984 ባወጣው ሕግ፥ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዲሸጥ የሚፈቅድ ግዛት ለመንገድ ሥራ ከሚሰጠው ገንዘብ ከፊሉ እንዲቀርበት አደረገ። ደቡብ ዳኮታ ብትከራከርም ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1987 ለማዕከላዊው መንግሥት ፈረደ። በ2000 የወጣውም ሕግ በዚሁ መንገድ፥ በነጂ ደም ውስጥ የሚገኘው የአልኮል ወሰን 0.08 ከመቶ እንዲሆን ግዛቶቹን ገፋፋ።

ዩታ ግን ማንም ሳያስገድዳት በ2018 መጨረሻ ወሰኑን ወደ 0.05 ዝቅ አደረገች። በ2019 ሞት የሚያደርሰው አደጋ፥ ከተነዳው ርቀት ጋራ ተመዛዝኖ፥ ከ2016 ይልቅ ወደ 20 ከመቶ ገደማ መቀነሱ ተመዝግቧል።

መቀጮው፥ እስራቱና የመንጃ ፈቃድ እገዳው ዛሬም እንደየግዛቱ ይለያያል። የሕጉ አሳብ ግን አንድ ነው፤ የሚቀጣው መጠጣትን ሳይሆን ጠጥቶ የባልንጀራን ነፍስ ለአደጋ መስጠትን ነው። ወሰኑ ለሁሉ የታወቀ፥ ምርመራው የማይቀር ሲሆን፥ ነጂው ከዳኛ ፊት ሳይቀርብ ገና ከማዕዱ ሳይነሣ ራሱን ይከለክላል።