ቤቱን በሌሊት እዩት

በዝውውር ወደ ማጀቴ፣ ወደ አጣዬ ወይም ወደ ሸዋ ሮቢት የሚመጣ ሰው ቤት የሚያየው እንደማንኛውም ሰው በቀን ነው። ደላላው ከሰዓት በኋላ ይዞት ይዞራል፤ አዲስ የተቀባውን ግድግዳ፣ ግቢ ውስጥ የገባውን ቧንቧ፣ ለብቻው ያለውን ቆጣሪ ያሳየዋል። ዋጋ ይነጋገራሉ፣ ቀብድ ይያዛል፣ በማግስቱ ዕቃው በአይሱዙ ይደርሳል። ለወንደላጤ ይህ ይበቃዋል። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ይዞ የሚመጣ ግን ሰፈር መምረጥ ያለበት ሌሊቱን አስቦ ነው ባይ ነኝ፤ በይፋት ቆላ ሕፃንን የሚያሰጋው ነገር አብዛኛው ከመሸ በኋላ ስለሚመጣ።

ከደብረ ብርሃን የሚወርደውን ቤተሰብ እናስብ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሚደርስ መንገደኛ 100 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዷል። ልጁ ሹራቡን አውልቆ ሜዳው ላይ ይፈነጫል፤ ሰውነቱ ግን ወባን አያውቃትም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አገሪቱ በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. አይታዋለች። ያኔ የተነሣው ወረርሽኝ ወደ ሦስት ሚሊዮን ሰው አሞ 150,000 ያህል ሲገድል፣ ክፉኛ የመታው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖረውን፣ በሽታውን ያልለመደውን ሕዝብ ነበር። ዘመኑ አልፏል የሚል ካለ የቅርቡን ይመልከት። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ተይዟል፤ 1,157 ሰው ሞቷል።

የሕክምናው መመሪያ ትኩሳት የጀመረው ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙ ታይቶ መድኃኒት ይጀምር ይላል። ሲሰሙት ሰፊ ጊዜ ይመስላል። ነገር ግን ልጁ ምሽት ላይ ተኩሶት፣ «እስኪነጋ እንየው» ተብሎ አድሮ፣ ጠዋት ሰውነቱ ቀዝቀዝ ሲል «ለቀቀው» ተብሎ፣ ማታ መልሶ ሲያንቀጠቅጠው 24ቱ ሰዓት አልቋል። ደላላውን ጤና ጣቢያው ስንት ደቂቃ ያስኬዳል ብትሉት «በባጃጅ አምስት ደቂቃ» ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ የቀኑን ነው የነገራችሁ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የኖረ ሰው፣ ከመሸ በኋላ ባጃጅ ማግኘት ቀርቶ ደጅ መውጣትም የሚከብድባቸው ጊዜያት እንዳሉ ያውቃል። ስለዚህ ርቀቱን በእግር፣ ልጁን አዝላችሁ ለኩት። ከዋናው መንገድ ዳር ካለው ባለ ሴራሚክ ቤት ይልቅ ጤና ጣቢያው አጥር ሥር ያለችውን የጭቃ ቤት እኔ እመርጣለሁ።

ቤቱን ያያችሁበት ወርም ያታልላል። በግንቦት የሚከራይ ሰው የሚያየው የደረቀ ቦይ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ግን ያ ቦይ፣ ጎን ያለው አፈር የተዛቀበት ጉድጓድ፣ ጅምር ቤቱ መሠረት ውስጥ የቀረው ውኃ ሁሉ የትንኝ መፈልፈያ ነው፤ ወባው የሚበረታው እስከ ኅዳር ድረስ ባለው ጊዜ ነው። በአቅራቢያ ረግረግ የለም ብላችሁም አትዘናጉ። ስቴፈንሲ የምትባለው፣ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ከቦይ ይልቅ በበርሜልና በሮቶ ውስጥ መራባት ትወዳለች። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችው እሷ ናት፤ እዚሁ ክልል ውስጥ ባቲ ላይም ተገኝታለች። የውኃ ፈረቃ ባለበት ከተማ በርሜል የሌለው ግቢ የለምና መክደኛው መኖሩን እዩ። አጎበሩን ደግሞ ከምጣዱም ከአልጋውም አስቀድማችሁ ያዙ።

ማጀቴ ላይ ግድግዳም ይታያል። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲነሣ ማጀቴ ሙሉ በሙሉ ነው የፈረሰችው፤ ካራ ቆሬ ላይም ከቤቶቹ ግማሽ የሚጠጋው ወድቋል። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ሳይቀር ከእንቅልፍ ሲቀሰቅስ፣ የስምጥ ሸለቆው ዳር ምን እንደሆነ ለረሳነው አስታውሶናል። በጭቃ ብቻ የተያያዘ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ያማረ ነው፤ ቀን ቀን ቀዝቃዛ ነው፤ ሲወድቅ ግን ሙሉ ክብደቱን ይዞ ነው። በእንጨት የተማገረው የጭቃ ቤት ይንቋቋል እንጂ እንዲያ አይደፋም። ግንቡን የግድ ከተከራያችሁ የልጁን አልጋ ከግድግዳው አርቁት።

ስለ ሰላሙ ደላላም አከራይም አትጠይቁ፤ ሁለቱም ቤቱን ማከራየት ይፈልጋሉ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ማጀቴና ካራ ቆሬም በሰላም አላደሩም፤ ከዚያም ወዲህ ስንት ሌሊት አለፈ። ሰፈሩን የምታውቀው እዚያው ልጅ ያሳደገች እናት ናት። «እትዬ፣ ያኔ ልጆቹን ይዛችሁ በየት ወጣችሁ? ማን ደጅ አረፋችሁ?» በሏት። ከቡናው ጋር ስም እየጠራች የምትነግራችሁ ከሆነ፣ ያውም ከስሞቹ መካከል የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ካለበት፣ ሰው ያለበት ሰፈር ገብታችኋል።

ትምህርት ቤቱን ብዙ አላስብበትም። የሦስት ዓመት ልጅ ለኦ ክፍል ገና ነው፤ ስለ እሱ ለመጨነቅ ጊዜ አለ።

የሚከብደው አከራዩ ነው። «ስንት ናችሁ?» ብሎ ይጀምርና ልጅ እንዳለ ሲሰማ ፊቱ ይቀየራል። ልጅ ውኃ ይጨርሳል፣ ግድግዳ ላይ ይጽፋል፣ ያለቅሳል። ይህን በግልጽ ተናግሮ የሚመልሳችሁን አትቀየሙት፤ ጊዜያችሁን አትርፎላችኋል። የሚያሰጋኝ «ምን ችግር አለ፣ የእኔም ልጅ ነው» ብሎ ተቀብሎ ማታ በሦስት ሰዓት የውጭውን በር ቆልፎ ቁልፉን ትራሱ ሥር የሚያደርገው ነው። የቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ከከተማ ከተማ አፈጻጸሙ ቢለያይም ለመደራደሪያ ይሆናችኋል። የበሩን ቁልፍ ነገር ግን ራሳችሁ ውሉ ላይ አስገቡት። ከኪራዩ ላይ መቶ ብር ከማስቀነስ ይልቅ አንድ ትርፍ ቁልፍ ተቀበሉ፤ ቀብዱን ሳትከፍሉም በፊት እናንተው ከፍታችሁ፣ እናንተው ዝጉበት።