ስለ ዘፋኚቱ ማሪያን አንደርሰንና ስለ እናትዋ

ኦፔራ የሚባለው የፈረንጆች ቴያትር ተዋንያኑ ነገሩን ሁሉ በዜማ የሚገልጹበት ነው። በኒውዮርክ ከተማ ሜትሮፖሊታን በሚባለው ታላቅ የኦፔራ ቤት ጥቁር ሰው ዋና ድርሻ ይዞ ሳይዘፍን ከ70 ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ይህን በር በመጀመሪያ ያለፈችው ማሪያን አንደርሰን ናት።

ማሪያን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ተወለደች። አባትዋ በረዶና የድንጋይ ከሰል ይሸጥ ነበረ። ገና በስድስት ዓመትዋ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋር ተቈጠረች፤ ድምፅዋም ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ስለሚደርስ፣ ከመዘምራኑ አንዱ የቀረ እንደ ሆነ፣ ቀሪው ወንድም ቢሆን ሴት፣ ድርሻውን እርስዋ ታዜምለት ነበር።

አባትዋ በሞተ ጊዜ ሦስት ሴቶች ልጆችን የማሳደግ ሸክም በእናቲቱ በወይዘሮ አና ላይ ወደቀ። ወይዘሮ አና በትውልድ አገራቸው በቨርጂኒያ አስተማሪ ነበሩ፤ በፊላደልፊያ ግን የማስተማር ሥራ ስላላገኙ የሰው ልብስ አጠቡ፤ ኋላም በአንድ ትልቅ መደብር ተቀጥረው ወለል ይፈትጉ ጀመር። ልጅቱ ዜማ ልትማር ወደ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ብትሄድ ጥቁር አንቀበልም ብለው መለሱአት። የቤተ ክርስቲያንዋ ሰዎች ግን ገንዘብ አዋጥተው አስተማሯት።

በ1925 በኒውዮርክ በተደረገው ውድድር አሸነፈች። ይሁን እንጂ በአገርዋ ብዙ በር ስለ ተዘጋባት ወደ አውሮፓ ተሻግራ በዚያ ስምዋ ገነነ። በ1939 በዋሽንግተን አንድ የታወቀ የሴቶች ማኅበር በአዳራሹ እንዳትዘፍን ከለከላት፤ የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ወይዘሮ ኤሌኖር ሩዝቬልትም ስለዚህ ነገር ከማኅበሩ ወጡ። ማሪያን በፋሲካ ዕለት በሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ ቆማ ዘፈነች፤ 75,000 ያህል ሰውም በሜዳ ቆሞ ሰማት።

ሜትሮፖሊታን የጠራት በጥር 1955 ነው። በቬርዲ ድርሰት ውስጥ ኡልሪካ የተባለችውን ጠንቋይ ሆና ተጫወተች። ዕድሜዋ 57 ሆኖ ነበርና ድምፅዋ የጉልምስናውን ዘመን አልፎ ነበር፤ ይህ ግን የዘፋኚቱ ዕዳ አይደለም፤ በሩን ዘግቶ ያቈየው ይጠየቅበት። በዚያች ሌሊት ወይዘሮ አና ከተመልካቾቹ መካከል ተቀምጠው ነበር።

ማሪያን ስለ ራስዋ ስትናገር «እኔ» ማለትን ትሸሽ ነበር፤ «እኛ» ትል ነበር። በአገራችን ነገሥታት በአዋጃቸው «እኛ» ማለታቸው ስለ ክብር ነበረ፤ እርስዋ ግን ሰው ብቻውን የሚሠራው ሥራ የለም ስትል ነው። በ1993 በ96 ዓመትዋ ዐረፈች።

በሕይወትዋ ሳለች ከዘመንሽ ሁሉ እጅግ ደስ ያለሽ ቀን የትኛው ነው ተብላ ተጠይቃ ነበር። የጠየቋት ሰዎች የዋሽንግተኑን ፋሲካ ወይም የነገሥታቱን ግብዣ ትጠራለች ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። እርስዋ ግን የጠራችው ወደዚያ መደብር ስልክ ደውላ፣ እናቴ ከእንግዲህ ወዲህ ለሥራ አይመጡም ብላ ለአለቃቸው የነገረችበትን ቀን ነው።