አረሩን ለክተው ገዢውን ረሱ

«ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይላሉ አበው። ከመድፍ አፈሙዝ የወጣ አረርም ለረጅም ዘመን እንዲሁ ነበር። ባለሙያዎች በመንገዱ ላይ ወረቀት ወጥረው፣ ከቀዳዳው ቅርጽ አረሩ ምን ያህል እንዳዘነበለ ይገምቱ ነበር። የሬዲዮ ቴሌሜትሪ ይህን ለወጠ። በአረሩ ውስጥ የተቀበረ ትንሽ ማሰራጫ ግፊቱንና ሽክርክሪቱን በበረራ ላይ ሳለ በሬዲዮ ሞገድ ለምድር ጣቢያ ያስተላልፋል።

ሥራው ቀላል አይደለም። በተኩሱ ቅጽበት አረሩ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከመሬት ስበት ከ10,000 እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፤ 155 ሚሊ ሜትር አረር በሰከንድ ከ200 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ይችላል። መሣሪያው እንዳይሰባበር ሙጫ ፈስሶበት እንደ ድንጋይ ይጠነክራል።

በዚህ ሙያ ካናዳዊውን ጄራልድ ቡልን የሚያህል አስተማሪ ታሪክ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ በካናዳና በአሜሪካ መንግሥታት ገንዘብ፣ የማክጊል ዩኒቨርሲቲው «ሃርፕ» ፕሮጀክት ከባርቤዶስ ደሴት የላይኛውን አየር የሚለኩ አረሮችን ወደ ሰማይ ተኮሰ። በ1966 በአሪዞና የተተኮሰው 180 ኪሎ ሜትር ከፍታ ደረሰ። በ1967 ገንዘቡ ተቋረጠ። ሰውዬው ግን እውቀቱን ይዞ ገበያ ወጣ፤ ለአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ አረር በሕገወጥ መንገድ በመላኩ በ1980 አሜሪካ ውስጥ ታሰረ፤ በኋላም ለሳዳም ሁሴን ግዙፍ መድፍ ሲሠራ፣ በመጋቢት 1990 ብራስልስ ውስጥ ተገደለ።

ጥፋቱን በሟች ላይ ብቻ መጫን ቀላል ነው። እኔ ግን የምጠይቀው ገንዘቡን የሰጡትን ነው። የአረሩን እያንዳንዱን ንዝረት ለመለካት በጀት የመደቡ መንግሥታት፣ በሕዝብ ገንዘብ የተገኘው እውቀት ነገ በማን እጅ እንደሚገባ ለመጠየቅ የዘገዩት ስለ ምንድን ነው? «ቁጥር ወገን የለውም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ቁጥሩን የያዘው ሰው ግን ወገን አለው፤ ገዢም አለው።

ቴሌሜትሪ አረሩ እንዴት እንደሚበር ይነግረናል። በማን ላይ እንደሚወድቅ አይነግረንም። ያን መጠየቅ የምክር ቤት፣ የጋዜጠኛና የግብር ከፋዩ ዜጋ ፋንታ ነው፤ መጠየቂያው ጊዜም በጀቱ ሲጸድቅ እንጂ አረሩ ከአፈሙዙ ከወጣ በኋላ አይደለም።