300 ሺህ ብር ዛሬም ብዙ ገንዘብ ነው?

ሰኞ ባቲ ገበያ ከብት ሸጦ በማግስቱ ኮምቦልቻ ባንክ የሚገባ ነጋዴ የሚጠብቀውን ጥያቄ ያውቀዋል። ገንዘብ ተቀባይዋ ብሩን በመቁጠሪያ ማሽን እያሳለፈች፣ «ሐጂ፣ ገንዘቡ ከምን የተገኘ ነው?» ትለዋለች። «ከከብት ነዋ፣ ልጄ!» ብሎ ይፈርማል። ወረቀቱ የት እንደሚሄድ ግን የሚነግረው የለም። ካልተነገረው ደግሞ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ግብር ሰብሳቢው ነው።

መረጃው የሚሄደው ግን ወደ ፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት ነው። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብንና ሽብርተኝነትን በገንዘብ መርዳትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 780/2005 ባንኮች ከተወሰነ መጠን ያለፈ የጥሬ ገንዘብ ዝውውርን እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ መነሻውን 300,000 ብር ወይም 15,000 ዶላር አደረገው። ሪፖርቱ በራሱ ክስ አይደለም። ጉቦ፣ የኮንትሮባንድ ትርፍና በሰው ንግድ የተገኘ ገንዘብ ባንክ ገብቶ ንጹሕ መስሎ እንዳይወጣ ዱካውን የሚያስቀር መዝገብ ነው። ስንቱን ልጅ በሕገወጥ ደላላ እጅ ወደ ዓረብ አገር የሸኘ የወሎ ሰው ይህ መዝገብ ለማን እንደሚጠቅም ማስረዳት አያስፈልገውም። ሕጉን እደግፋለሁ፤ ጥያቄዬ ቁጥሩ ላይ ነው።

መመሪያው ሲወጣ አንድ ዶላር 20 ብር ገደማ ነበር፤ 300 ሺህ ብርና 15 ሺህ ዶላር ይመጣጠኑ ነበር። ትልቁ ኖት ባለ መቶ ስለነበር 300 ሺህ ብር ሠላሳ እስር ይሆናል፤ በዘንቢል የሚያዝ ገንዘብ። በመስከረም 2013 ባለ 200 ብር ኖት ሲመጣ እስሩ ወደ አሥራ አምስት ወረደ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በዓመቱ ዶላር ከ130 ብር አለፈ። በዚህ ሒሳብ ያው 300 ሺህ ብር 2,300 ዶላር እንኳ አይሞላም። በአንድ መመሪያ መንታ ሆነው የተወለዱት ሁለት ቁጥሮች እንዲህ ተለያዩ።

የጥቂት ሰንጋ ሽያጭ፣ የአንድ መጠነኛ የደሴ ሱቅ የሳምንት ገቢ ሳይቀር በዚህ ልክ ትልቅ ገንዘብ ይባላል። ሁሉም ሪፖርት ሲሆን መርማሪው ወንጀለኛውን ከከብት ነጋዴው እንዴት ይለየዋል? አሜሪካ ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ሕጓ ተነሥታ የቆረጠችውን የ10,000 ዶላር መነሻ ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ሳታነሣ በመቆየቷ ባንኮቿ በዓመት 20 ሚሊዮን ያህል ሪፖርት ይልካሉ። ከዚያ ክምር ውስጥ ተራ የሱቅና የምግብ ቤት ገቢም አለበት። እኛ ዘንድ ብሩ የወደቀበት ፍጥነት ሲታሰብ ነገሩ ይብሳል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ፍርሃቱ በታማኙ ሰው ላይ የሚያደርሰው ነው። ከሪፖርት ለመሸሽ ብሎ ገንዘቡን ዛሬ ደሴ ፒያሳ፣ ነገ ኮምቦልቻ እየከፋፈለ የሚያስገባ ሰው ራሱን ጥርጣሬ ውስጥ ይከታል። አጠራጣሪ ዝውውር በመጠን አይወሰንም፤ ትንሽም ቢሆን ይነገራል፤ ሆን ብሎ መከፋፈል ደግሞ አንዱ የጥርጣሬ ምልክት ነው። ሌላው ጭራሹን ባንኩን ይተዋል። እዚህ አገር ለዚያ ምክንያት አይጠፋም፦ በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜኑ ጦርነት ሲያዙ፣ ኅዳር ማብቂያ ላይ እስኪለቀቁ ድረስ የባንክ ደብተር ይዞ ዳቦ መግዛት አልተቻለም። ያንን ያየ ሰው ጥሬ ገንዘብ እጁ ላይ ቢወድ አይፈረድበትም።

ኢትዮጵያ በጥቅምት 2012 ከዓለም አቀፉ የፋይናንስ ርምጃ ግብረ ኃይል (FATF) የክትትል ዝርዝር ወጥታለች፤ ተመልሳ እንድትገባ የሚፈልግ የለም። መነሻውን ማስተካከል ቁጥጥሩን ማላላት አይደለም፤ ግብረ ኃይሉ ራሱ ቋሚ ያልሆነ ደንበኛን ማንነት ለማጣራት ያስቀመጠው ልክ 15,000 ዶላር ነው። ስለዚህ መመሪያ አውጪው የብሩን ልክ በየዓመቱ ከዋጋና ከምንዛሪ ጋር እያገናዘበ ይከልስ። የባንክ ሥራ አስኪያጆች ደግሞ ሪፖርቱ ምን እንደሆነና ለማን እንደሚሄድ በአማርኛ ጽፈው መስኮቱ ላይ ይለጥፉ። አንተም ነጋዴው ገንዘብህን አትከፋፍል፤ ደረሰኝህን ይዘህ በአንድ ጊዜ አስገባ።