ከመፍታት ማዳመጥ ይቅደም

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ አባባል በሸንጎና በሽምግልና ቦታ እንደሚያገለግል ሁሉ፣ መሪ ለጨበጠ ሹፌርም፣ ከመኪና ሥር ለተኛ መካኒክም፣ ከሹፌሩ ጎን ለተቀመጠች ባለቤቱም ያገለግላል። በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን የምንመለከተው ጉዳይ በብዙ የሠራዊታችን አባላት ቤት የሚታወቅ፣ ኪስን የሚያራቁት፣ አንዳንዴም ሕይወትን ለአደጋ የሚያጋልጥ ነው። ይኸውም መኪና ኮረኮንች መንገድ ስትረግጥ ከሥሯ የሚሰማው፣ ምንጩም በቀላሉ የማይገኘው ድምፅ ነው።

በዚሁ በሐረር የሚኖሩ አንድ ሃምሳ አለቃና ባለቤታቸው ለዓመታት በቆጠቡት ገንዘብ አንዲት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ገዙ። መኪናዋ ልጆቹን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ በበዓል ቀንም ቤተሰቡን ይዛ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ድሬዳዋ ትወርዳለች። ከጊዜ በኋላ ከፊት በስተቀኝ በኩል «ኳ! ኳ!» የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። መኪናዋም ወደ አንድ ጋራዥ ተወሰደች። መካኒኩ መኪናዋን ነድቶ ድምፁን ሳይሰማ፣ ባለቤቱንም አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ፣ «አሞርዛተሩ አልቋል» ሲል ፈረደ። ሁለቱም የፊት አሞርዛተሮች ተለወጡ፤ ደመወዙም አብሮ ሄደ። መኪናዋ ከጋራዡ ወጥታ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ስትረግጥ ግን ያው ድምፅ «ኳ! ኳ!» አለ።

ስሕተቱ የት ላይ ነበር? ተጨባጩን ሁኔታ ሳያጠኑ ወደ እርምጃ መግባቱ ላይ ነው። ማንኛውም የቃኚ ጓድ እንደሚያውቀው «አንድ ነገር ሰማሁ» ብቻ የሚል ዘገባ ዘገባ አይባልም። የት፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ፣ በምን ሁኔታ እንደተሰማ ካልተገለጠ አዛዡ ሊወስን አይችልም። የመኪና ድምፅም እንዲሁ ነው። «ይንኳኳል» ማለት የጥያቄው መጀመሪያ እንጂ መልሱ አይደለም።

ለመሆኑ ይህ ድምፅ ምንጩ በቀላሉ የማይታወቀው ስለምንድን ነው? መካኒኮቻችን «የመኪና እግር» የሚሉት ክፍል ሞላን፣ አሞርዛተርን፣ ክንድን፣ ጎሚኒንና የመሪ ቴስታን በአንድነት የያዘ ነው። በብዙ ትናንሽ መኪኖች የፊት እግር ላይ ሞላውና አሞርዛተሩ ተጣምረው አንድ ምሰሶ ይሆናሉ። ይህን አሠራር ያወጣው ኧርል ማክፈርሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በተሠሩት ፎርድ ኮንሱልና ፎርድ ዜፊር መኪኖች ላይ ውሏል። ኮሮላም እ.ኤ.አ. በ1966 ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጣ የፊት እግሯ በዚሁ በማክፈርሰን ምሰሶ የተሠራ ነበር። የምሰሶው ራስ ከኮፈኑ ሥር ካለው ቆርቆሮ ጋር በብሎን ይታሰራል። በመሆኑም ከታች የሚነሣ ትንሽ ምት በምሰሶው ሽቅብ ወጥቶ ቆርቆሮው ውስጥ ይገባል፤ ቆርቆሮውም እንደ ከበሮ ያስተጋባዋል። በግራ የተነሣው በቀኝ፣ ከታች የተነሣው ከዳሽቦርድ ሥር የተነሣ መስሎ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጆሮ ብቻውን አይበቃም፤ ጥያቄ ያስፈልጋል።

ወደ ሃምሳ አለቃው ቤት እንመለስ። ነገሩን የፈቱት ባለቤታቸው ነበሩ። እሳቸው መኪና አይነዱም፤ ነገር ግን ከጎን ተቀምጠው ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ለባለቤታቸው እንዲህ አሉ፦ «በሩ ላይ ያለውን ጉብታ ስንሻገር እኮ ምንም አይሰማም። ከቧንቧው ዘንድ ያለው ቦይ ውስጥ አንዱ ጎማ ሲገባ ግን ሁልጊዜ ይጮኻል።»

ይህች ምስክርነት ከብዙ መፍቻ የበለጠች ነበረች። የበሩ ጉብታ ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር የተሠራ ስለሆነ ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል ይወጡበታል፤ እኩልም ይወርዱበታል። በዚያን ጊዜ ሁለቱም ሞላዎችና ሁለቱም አሞርዛተሮች ይሠራሉ። እነርሱ ቢጎዱ ኖሮ ጉብታው ላይ ዝም ባላሉ ነበር። ቦዩ ውስጥ ግን የሚወርደው አንዱ ጎማ ብቻ ነው። አንዱ ጎማ ብቻውን ሲወርድ ወይም ሲወጣ ሥራ የሚበዛበት ዕቃ ደግሞ ስታቢላይዘር የሚባለው፣ የግራውንና የቀኙን እግር የሚያያይዘው ዘንግ ነው። ይህ ዘንግ መኪና በኩርባ ላይ ወደ ጎን እንዳትጋደል ያግዛል። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲንቀሳቀሱ አይጠመዘዝም፤ ሲለያዩ ግን ይጠመዘዛል። ዘንጉን ከእግሩ ጋር የሚያገናኘው አጭር ሊንክ ሲላላ «ኳ! ኳ!» የሚለው ያን ጊዜ ነው። ሊንኩ ተፈትሾ ልል ሆኖ ተገኘ፤ ተለወጠም። ዋጋው ከአሞርዛተሮቹ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ድምፁም ጠፋ።

ከዚህ የምንማረው ከመፍቻ በፊት ምርመራ መቅደም እንዳለበት ነው። ምርመራውም ሥርዓት አለው።

በመጀመሪያ ቀላሉና አስጊው ይታያል። የጎማ ዳዶዎች መጥበቃቸው ይረጋገጥ፤ የላላ ዳዶ ይንኳኳል፤ ከዘገየም ጎማ ያስወልቃል። ቀጥሎ የዕቃ መጫኛው ይከፈት፤ ክሪክ፣ መፍቻና ስኮርታ ጎማ በሚገባ ካልታሰሩ የታመመ እግር መስለው ይንኳኳሉ። ማርሚታውም ከተሰቀለበት ጎማ ወልቆ ከወለሉ ጋር እየተጋጨ እንዳይሆን ይነካካ፤ ይህ የሚደረገው ግን ሞተሩ ጠፍቶ ማርሚታው ሲቀዘቅዝ ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብ አያስወጣም።

በሁለተኛ ደረጃ የድምፁ ዓይነትና የሚሰማበት ጊዜ ይመዝገብ። ፍሬን ሲያዝ አንድ ጊዜ «ጓ» ብሎ፣ ወደ ኋላ ሲኬድና ፍሬን ሲያዝ ደግሞ እንደገና «ጓ» የሚል ከሆነ፣ የክንዱ ጎሚኒ መቀደዱ ወይም የፍሬኑ መያዣ መላላቱ ይጠረጠራል። መኪና ቆማ መሪ ሲዞር ሲጢጥ የሚል ከሆነ፣ የምሰሶው ራስ ማረፊያ ወይም ግራሶ ያለቀበት መጋጠሚያ ይታያል። መሪ እስከ ጥጉ ዞሮ ነዳጅ ሲሰጥ «ቀጭ ቀጭ» እያለ ከጎማው ዙር ጋር የሚፈጥን ድምፅ ከሞተር ኃይል ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ መጋጠሚያ እንጂ የሞላና የአሞርዛተር ጉዳይ አይደለም። ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር፣ እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የጎማ ኩሽኔታ ነው። አሞርዛተር ያለቀ እንደሆነ በራሱ ምልክት ይታወቃል፦ ገላው በዘይት ይርሳል፣ መኪናዋም ጉድጓድ ካለፈች በኋላ ቶሎ ሳትረጋ ከፍ ዝቅ ትላለች። ሲለወጥም የግራውና የቀኙ አብረው እንዲለወጡ ይመከራል።

በሦስተኛ ደረጃ በእጅ መፈተሽ ይመጣል፤ ይህ የሁለት ሰው ሥራ ስለሆነ ባልና ሚስት ሊተባበሩበት ይችላሉ። መኪናዋ በጎማዎቿ ቆማ ሳለ አንዱ ጥጓን እየተጫነ ሲያወዛውዝ ሌላው እጁን በየመጋጠሚያው ላይ ያሳርፋል። ጆሮ የሳተውን እጅ ያገኘዋል፤ የሚንኳኳው መጋጠሚያ መዳፍ ላይ ይመታልና። ጣት ከሞላው ቀለበቶች መካከል ግን መግባት የለበትም። የስታቢላይዘር ሊንክም መፈተሽ የሚገባው እንዲህ ጎማዎቹ መሬት ረግጠው ሳሉ ነው፤ ጎማው በአየር ላይ ሲንጠለጠል ሊንኩ ስለሚወጠር ልልነቱ ይደበቃል። ብዙ መካኒኮች «ምንም የለውም» ብለው የሚመልሱት መኪናዋን በክሪክ አንሥተው ብቻ ስለሚያዩ ነው።

የመሪ ቴስታና የክንድ ቦል ጆይንት ግን መኪናዋ ተነሥታ ይፈተሻሉ። የማክፈርሰን ምሰሶ ላላት መኪና ክሪኩ ከክንዱ ሥር ሳይሆን ከሻንሲው ሥር ይገባል፤ ጎማው ነጻ ሆኖ ይንጠልጠል። ከዚያም ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዞ መነቅነቅ የመሪ ቴስታን ልልነት፣ ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ የቦል ጆይንትን ወይም የኩሽኔታን ልልነት ያሳያል። የኋለኞቹን ሁለቱን ለመለየት ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ፤ ፍሬን ሲረገጥ ልልነቱ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ግን ወደ ቦል ጆይንቱ ያመለክታል። እዚህ ላይ በጥብቅ የምናሳስበው አንድ ነገር አለ፦ በክሪክ ብቻ በተያዘች መኪና ሥር ማንም ሰው ጭንቅላቱንም ሆነ እጁን አያስገባ። መሬት የረገጡት ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ፤ ሻንሲው በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይረፍ። የአንድ አባት ሕይወት ከአንድ ቴስታ ጋር አይመዘንም።

ስለ ቦል ጆይንት ይህን ያህል አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። የላላ ሊንክ ጆሮን ያስቸግራል እንጂ ብዙውን ጊዜ ወዲያው አደጋ ላይ አይጥልም። ያለቀ ቦል ጆይንት ግን በመንገድ ላይ ከማቀፊያው ሊወልቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጎማው ወደ ጎን ይታጠፋል፣ መሪውም አይታዘዝም። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ የደንገጎን ቁልቁለትና ኩርባ ያውቃል። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ልጆችን ከኋላ አስቀምጦ በዚያ ኩርባ ላይ መሪ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ መግለጽ አያስፈልግም። ስለሆነም ድምፁ ከመሪ መዋለል ወይም ከጎማ ባንድ ወገን መበላት ጋር ከተያያዘ፣ ወይም በፍተሻ ቦል ጆይንቱ ልል ሆኖ ከተገኘ፣ መኪናዋ እስክትጠገን ትቁም። ጉዞ ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

የክፍላችንን ከባድ ተሽከርካሪዎች ለምትነዱ ጓዶችም ይኸው ሥርዓት ይሠራል። በባሌስትራ በሚሄድ ካሚዮን ላይ ድምፅ ሲሰማ በመጀመሪያ የሚታዩት የተሰበረ የባሌስትራ ቅጠል፣ ያለቀ የባሌስትራ ጎሚኒ፣ እንዲሁም ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስሩት የፈረስ ጫማ ቅርጽ ያላቸው ብሎኖች ናቸው። እነዚህ ብሎኖች ከላሉ አክሰሉ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። በስምሪት ወቅት የተሰማን ድምፅ ለተረካቢው ሹፌር ሳይናገሩ ቁልፍ አስረክቦ መሄድ ጓድን ለአደጋ አሳልፎ መስጠት ነው።

ከጥገና በኋላም አንድ ጥንቃቄ አለ። የክንድ ጎሚኒ ሲለወጥ ብሎኑ መጨረሻ መጥበቅ ያለበት መኪናዋ በጎማዎቿ ቆማ ክብደቷን ከያዘች በኋላ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከተጠበቀ ጎሚኒው መኪናዋ ስትወርድ ተጠማዞ ይቀራል፤ ያለ ጊዜውም ይቀደዳል። «አዲስ ዕቃ አስገብቼ በጥቂት ጊዜ ተበላሸ» የሚለው ቅሬታ አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያለችውን አሮጌ መኪና በእንክብካቤ መያዝ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። በኤሌክትሪክ የምትሄደዋም መኪና ብትሆን ሞላ፣ ክንድና ጎሚኒ አላት። እንዲያውም የሞተር ድምፅ ስለሌላት የእግሯ መንኳኳት ጎልቶ ይሰማል፤ የምርመራው ሥርዓት ግን አንድ ነው።

አንዳንድ ሹፌሮች ድምፅ ሲሰሙ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋሉ። ድምፁ ይሸፈናል፤ ብረቱ ግን መበላቱን አያቆምም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ለዚህም ነው። ሌሎች ደግሞ ባለቤታቸው «አንድ ነገር ይሰማል» ስትል «አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?» ብለው ዝም ያሰኛሉ። የሚነዳው ሰው ዓይኑና ሐሳቡ መንገዱ ላይ ስለሆነ ከጎን የተቀመጠው የሚሰማውን ሁሉ ላይሰማ ይችላል። የሃምሳ አለቃው ቤተሰብ ዳግመኛ ከመክሰር የዳነው አንዲት አስተዋይ እናት ስለተናገሩና ባለቤታቸውም ስላዳመጧቸው ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ከዛሬ ጀምሮ በመኪናችሁ ውስጥ አንዲት ትንሽ ደብተርና እርሳስ አኑሩ። ድምፅ በተሰማ ቁጥር ቀኑን፣ ቦታውን፣ ፍጥነቱን፣ አንድ ጎማ ወይስ ሁለቱም እንደወጡ፣ ፍሬን ተይዞ ወይስ መሪ ዞሮ እንደነበር፣ ጭነት መኖር አለመኖሩን ጻፉ፤ ጽሕፈቱ ከሹፌሩ ይልቅ ከጎን ለተቀመጠው ይሰጥ። ወደ ጋራዥ ስትሄዱ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ መካኒኩንም አብሯችሁ ያንኑ መንገድ እንዲነዳ ጠይቁት። ዕቃ ይለወጥ ሲል «ልልነቱን አሳየኝ» በሉት። ማሳየት የቻለ ይፍታ፤ ማሳየት ያልቻለ ግን አስቀድሞ ያዳምጥ።