ፓርኪንሰንን «የሚያንቀጠቅጥ በሽታ» ብሎ ማወቅ ለምን አይበቃም?

ሚያዝያ 3 (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11) የዓለም የፓርኪንሰን ቀን ነው። ቀኑ እ.ኤ.አ. በ1817 ስለ ሕመሙ የጻፈው እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን የተወለደበት ነው። በዚህ ሰሞን ስለ ሕመሙ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታየው ምስል አንድ ነው፤ የሚንቀጠቀጥ የአዛውንት እጅ። ምስሉ ስህተት ባይሆንም ጎደሎ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከፓርኪንሰን ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል፤ ቁጥሩ በ25 ዓመት ውስጥ በእጥፍ አድጓል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በመስቃንና ማረቆ ቤት ለቤት የተደረገ ጥናት ያገኘው ከ100,000 ሰው 7 ገደማ ብቻ ነበር። ይህን አይቶ «የእኛ አገር ችግር አይደለም» ማለት ግን ያሳስታል። ሕመሙ በብዛት የሚመጣው ከ60 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ የሕዝባችን አብዛኛው ክፍል ወጣት ነው። ዕድሜያችን በረዘመ ቁጥር ሕመምተኛውም ይበዛል። ደግሞም «አረጁ እንጂ ምን ሆኑ» ተብለው ሐኪም ሳያያቸው የሚቀሩ አሉ።

አባትዎ ወይም እናትዎ ፈጽሞ ላይንቀጠቀጡ ይችላሉ። ሕመሙን ይበልጥ የሚገልጸው የእንቅስቃሴ መዘግየት ነው። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ሲራመዱ አንድ እጃቸው አይወዛወዝም፤ የእጅ ጽሑፋቸው እያነሰ ይሄዳል፤ ድምፃቸው ይሳሳል። ፊታቸው ስሜት ማሳየት ሲያቆም ቤተሰብ «ተቀየሙን» ብሎ ይከፋል። የትከሻ መጠንከርና ሕመም ለዓመታት እንደ ቁርጥማት ሊታሽ ይችላል። የሽታ ስሜት መጥፋት፣ የሆድ ድርቀት፣ በእንቅልፍ ልብ መጮህና መራገጥ ከእነዚህ ሁሉ ቀድመው ሊመጡ ይችላሉ። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሲታዩ ብዙ ሌላ ምክንያት ስላላቸው አይደንግጡ፤ ሲደራረቡ ግን ቸል አይበሉ።

መንቀጥቀጥም ቢሆን ሁሉም ፓርኪንሰን አይደለም። በፓርኪንሰን እጅ በብዛት የሚንቀጠቀጠው ጭን ላይ አርፎ ሳለ ነው። ሲኒ ሲያነሱ ወይም ሲፈርሙ ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ ሌላ ምክንያት አለው። መድኃኒትም ተመሳሳይ ምልክት ያመጣል፤ ለማስመለስ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ (ብዙዎች ፕላሲል የሚሉት) እና ሃሎፔሪዶልን የመሳሰሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ይጠቀሳሉ። በራስዎ ውሳኔ አያስቁሟቸው፤ ነገር ግን ታማሚው የሚወስደውን ሁሉ ለሐኪሙ ይናገሩ። ሕመሙ በዋናነት የሚታወቀው ሐኪሙ ታሪኩን ሰምቶና እንቅስቃሴውን መርምሮ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ ሲራመዱና ሲቀመጡ በስልክ የቀረጹት አጭር ቪዲዮም ይረዳል።

ከምልክቱ ይልቅ ግንዛቤ የሚያንሰው ግን ስለ ሕክምናው ነው። ኤች አይ ቪን እናስታውስ። መጀመሪያ ላይ ስለ በሽታው ብዙ ተወራ፤ ወሬው ግን በአብዛኛው ፍርሃት ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምርና መልእክቱ «ተመርመሩ፣ ጀምሩ፣ አታቋርጡ» ሲሆን ነው። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስም ጸበልና መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ ተናግረዋል። ለፓርኪንሰን የጎደለን ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው። ሕመሙን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ሌቮዶፓ ከካርቢዶፓ ጋር ሲሰጥ ግን ብዙዎች ለዓመታት እየሠሩና እየተንቀሳቀሱ እንዲኖሩ ያግዛል። በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ። ሆኖም በብዙ ታዳጊ አገሮች በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ እንዳለው ዓይነት የሕሙማን ድጋፍ ድርጅት ስለ ግንዛቤ ሲጮህ፣ ስለ አቅርቦትም አብሮ መጮህ አለበት እላለሁ። ያወቀ ሰው መድኃኒቱን ካጣ ዕውቀቱ ጭንቀት ብቻ ይሆንበታል።

እስከዚያው በእጅዎ ያለውን ያድርጉ። መድኃኒቱ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን አንድ ወር ሲቀረው መፈለግ ይጀምሩ። ሌቮዶፓን በድንገት ማቋረጥ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ የጡንቻ ግትርነትና የአእምሮ መደናገር ሊያስከትል ይችላል፤ ይህ ድንገተኛ ሕክምና የሚያስፈልገው አደጋ ነው።

የፓርኪንሰን ቀን በአብዛኛው ዓመታት ሁዳዴ ላይ ይውላል፤ ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ በቀን ሦስቴና ከዚያ በላይ የሚወሰድ ስለሆነ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናት የጠዋቱንና የቀትሩን ይዘላሉ ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ መነሳት ሲያቅታቸው «ሕመሙ ባሰ» ይባላል። ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ በረመዳን ለሚጾሙም እንዲሁ። ፕሮቲን የመድኃኒቱን ሥራ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ሐኪሙ ካልከለከለ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መውሰድ ይሻላል። ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ሽሮም ፕሮቲን አለው።

መድኃኒቱን ከውጭ አገር የሚልክልዎ ዘመድ ካለ ስሙን ብቻ አይንገሩት። ካርቶኑ ላይ 25/100 ወይም 25/250 የሚል ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያው የካርቢዶፓ፣ ሁለተኛው የሌቮዶፓ መጠን ነው። ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ዓይነትም ከተለመደው ጋር አንድ አይደለም፤ አይሰበርም፣ አይፈጭም። ከመግዛቱ በፊት ታማሚው አሁን የሚወስዱትን የካርቶን ፎቶ ይላኩለት።