ጫጩቱ ውኃ ሳይገባ ይመርመር

«ዓሣን መብላት በብልሃት» ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ የተነገረው ለእሾሁ ነው፤ እኛ ግን ዓሣን ማርባትም ብልሃት እንደሚጠይቅ ለማሳሰብ ብዕራችንን አንሥተናል። በዛሬው ጊዜ ስለ ዓሣ እርባታ ብዙ ይነገራል። ኩሬ ይቆፈራል፤ አዲስ ግድብ ውኃ ሲይዝ የዓሣ ጫጩት ይጨመርበታል፤ ገበሬውም ከእህሉና ከከብቱ ጎን ዓሣ እንዲያረባ ይመከራል። ይህ መልካም ነው፤ የምንቃወመው ነገር የለም። ነገር ግን ስለ ምርት ብዛት በሚነገርበት ቦታ ስለ ዓሣው ጤና የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይሰማም። ላሙ መብላት ባቆመች ዕለት መድኃኒት ፍለጋ የሚሮጠው ገበሬ፣ የዓሣውን ሕመም የሚያውቀው ሆዱን ገልብጦ ሲንሳፈፍ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ አልፏል።

ዓሣ በሽታን የሚከላከልበት ኃይል የሌለው ፍጡር አይደለም። የመጀመሪያው ቅጥሩ በእጃችን ስንይዘው የሚያዳልጠን ልፋጭ ነው፤ በዚያ ውስጥ ባክቴሪያን የሚያፈርሱ ንጥረ ነገሮች አሉ። ከልፋጩ በታች ቅርፊቱና ቆዳው ይገኛሉ። በሰው አጥንት መቅኔ ውስጥ የሚከናወነውን የደም ሕዋሳት ሥራ በዓሣ ዘንድ በአብዛኛው የሚያከናውነው የኩላሊቱ የፊተኛ ክፍል ነው። ዓሣም እንደ እኛ አንድ ጊዜ ያገኘውን በሽታ ለይቶ የሚዋጋ አንቲቦዲ ይሠራል፤ ክትባት የሚይዘውም ስለዚህ ነው። ሆኖም ይህ ኃይል በውኃው ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው። ውኃው ሲቀዘቅዝ አንቲቦዲ የመሥራቱ ሥራ ይዘገያል። ዓሣው በጠባብ ስፍራ ሲጨናነቅ፣ አየር ሲያጥረው፣ በመረብ ሲንገላታና ልፋጩ ሲላጥ ደግሞ መከላከያው ይደክማል። በሰፊው ሐይቅ ከጥገኛ ትሉ ጋር ተቻችሎ የኖረ ዓሣ በኩሬ ሲታጎር የሚሞተው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ጉዳዩን በተግባር ከቀመሱት እንማር። ኖርዌይ በሳልሞን እርባታ የታወቀች አገር ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ከስኮትላንድ ከተገዙ የሳልሞን ጫጩቶች ጋር ፉሩንኩሎሲስ የሚባል የባክቴሪያ በሽታ ገባባት። እስከ 1992 መጨረሻ ድረስ በሽታው 550 እርባታዎችን ያዘ፤ በእርባታ ብቻም ሳይቆም ወደ 74 ወንዞች ተሻግሮ የማንም ንብረት ያልነበረውን የዱር ሳልሞን ነካ። አርቢዎቹ በመጀመሪያ የያዙት አቋራጩን መንገድ ነበር፤ በእርባታዎቹ ከዚህም ከሌሎችም የባክቴሪያ በሽታዎች የተነሣ በ1987 ብቻ ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ውኃ ውስጥ ገባ። ባክቴሪያውም መድኃኒቱን መልመድ ጀመረ። መፍትሔው የተገኘው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጫጩቱ ወደ ባሕር ከመውረዱ በፊት ሆዱ ላይ በመርፌ የሚከተብበት ዘዴ ተስፋፋ፤ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ዓሦች እንዳይቀላቀሉ ተደረገ፤ ምርት ከተነሣ በኋላም ስፍራው ለጊዜው ባዶ እንዲቆይ ተደነገገ። ዛሬ ያች አገር በዓመት ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ሳልሞን ስታመርት ለእርባታው የምትጠቀምበት አንቲባዮቲክ ከ1 ቶን በታች ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ አይደለምን?

ክትባት ግን ለሁሉ አይደርስም። እዚያው ኖርዌይ በ1975 ጋይሮዳክቲለስ የተባለ በዓይን የማይለይ ጥገኛ ተውሳክ ታየ፤ የመጣውም ከስዊድን በተወሰዱ ጫጩቶች ላይ ተጣብቆ ነው። በባልቲክ ባሕር በኩል ያለው ሳልሞን ከዚህ ተውሳክ ጋር ለረጅም ዘመን አብሮ ስለኖረ ብዙም አይጎዳውም። አይቶት የማያውቀው የኖርዌይ ወንዝ ሳልሞን ግን አለቀ። ተውሳኩ ወደ 50 ወንዞች ገባ፤ እርሱን ለማጥፋት በብዙዎቹ ወንዞች የነበረውን ዓሣ ሁሉ በመርዝ መግደልና እንደገና መጀመር አስፈለገ። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም ጤነኛ መስሎ የሚታየው ዓሣ ለሌላው ውኃ ሞት ሊሆን እንደሚችል ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ ሆኖ አይቀርም። ቆሮሶ የምንለው ቲላፒያ የሐይቆቻችን ተወላጅ ነው፤ በዓለም ዙሪያም ከሚረቡት ዓሦች ዋነኞቹ ውስጥ ይቆጠራል። በእስራኤል ከ2009 ጀምሮ ቲላፒያ በእርባታ ኩሬና በገሊላ ባሕር ሲያልቅ ቆይቶ፣ ገዳዩ ቀድሞ የማይታወቅ ቫይረስ መሆኑ በ2014 ተገለጠ። ከዚያ ወዲህ ቫይረሱ በግብፅ እርባታዎች ተገኝቷል፤ ዱካውም በቪክቶሪያ ሐይቅ ዓሦች ላይ ታይቷል። የገዛ ሐይቆቻችንም ከተውሳክ ነጻ አይደሉም፤ በአዋሳና በዝዋይ ቆሮሶና አምባዛ ኮንትራሲከም የተባለ ትል ይገኛል፤ በጣና ትንንሽ ዓሦች ሆድ ውስጥም ሊጉላ የተባለ ጥብጣብ መሰል ትል ያድጋል። እነዚህ በውኃ ወፎች አማካይነት የሚዛመቱ የቆዩ ነዋሪዎች ናቸው። የሚያሳስበን በሰው እጅ፣ በጀሪካንና በላስቲክ ከረጢት ተጭኖ የሚገባው አዲሱ ነው። ጣና በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ከ10 በላይ የዓሣ ዝርያዎችን ይዟል፤ እነርሱ ቢያልቁ ከየት ተገዝተው ይተካሉ? በዝዋይ ከውጭ የመጣው ካርፕ ዛሬ ከሐይቁ ተነቅሎ የማይወጣ ነዋሪ ሆኗል። ዓሣው እንዲህ ከሆነ፣ ከዓሣው ጋር የገባ በሽታ ምን ይሆን?

አንዳንዶች «ሕዝቡ ምግብ ሲያጣ እናንተ ስለ ዓሣ ሕክምና ታወራላችሁ» ይሉን ይሆናል። ወቀሳው ቀላል ባይሆንም መልስ አለን። በበሽታ የሚጎዳው ብድር ወስዶ ኩሬ የቆፈረው ገበሬ ነው፤ መረቡን ይዞ በታንኳ የሚያድረው ዓሣ አጥማጅ ነው። ባለ ብዙ ገንዘቡ ኩሬውን አድርቆ እንደገና ይጀምራል፤ አጥማጁ ግን ሐይቁን አድርቆ ሊጀምር አይችልም። ደግሞም የምንጠይቀው ውድ ነገር አይደለም። አዲስ ጫጩት ከነባሩ ሳይቀላቀል ለብቻው ቆይቶ እንዲታይ፤ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው የሚጓዝ ዓሣ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ እንዲመዘገብ፤ መረብና ባልዲ ከውኃ ወደ ውኃ ሲሄድ ታጥቦ ፀሐይ ላይ እንዲደርቅ፤ የሞተ ዓሣ ወደ ሐይቅ ከመጣል ይልቅ እንዲቀበር፤ አንቲባዮቲክም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኩሬ ውስጥ እንዳይበተን ነው።

ክቡራን መምህራን ሆይ፣ በባዮሎጂና በእንስሳት ሕክምና ትምህርታችን የከብቱን በሽታ በሚገባ ታስተምሩናላችሁ፤ የዓሣው ግን ከጥቂት ገጽ አያልፍም። ማይክሮስኮፕ አለን፤ ሐይቆቹም ያሉት በአገራችን ነው። ወንድሞችና እኅቶች ተማሪዎችም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትመርጡ ከሌላ አገር የተጻፈውን ከመገልበጥ በአንድ ሐይቅ ዳር ተቀምጣችሁ የመቶ ዓሦችን ስንጥብና አንጀት መርምሩ፤ ያገኛችሁትንም ለአጥማጁ በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። ዛሬ ጤነኛው ዓሣ ምን እንደሚመስል ካልመዘገብን፣ ነገ የታመመውን በምን እናውቀዋለን?

ጫጩቱ በባልዲ ውስጥ ሳለ በሽታውን ማስቆም በእጃችን ነው፤ ሐይቅ ከገባ በኋላ ግን የሚያዝዘው በሽታው ነው።